የጡረታው ገንዘብ የማን ነው?



በየወሩ መጨረሻ የደመወዝ መክፈያው ላይ ስትፈርሙ ከየ100 ብሩ 7 ብር ለጡረታ ተብሎ ይቀነሳል። አሠሪያችሁ ደግሞ 11 ብር ይጨምርበታል። አንድ ላይ 18 ብር ማለት ነው። ለወታደሩና ለፖሊሱ መንግሥት የሚጨምረው ከፍ ብሎ 25 ብር ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ፈቃዳችሁ ሳይጠየቅ፣ በሕግ ግዴታ ነው።

እኛ ግዴታነቱን አንቃወምም። ሰው በጉልበቱ ዘመን ለእርጅናው እንዲያስቀምጥ ሕግ ማስገደዱ ትክክል ነው። የምንቃወመው ሌላ ነገር ነው። አሠሪው የሚከፍለው 11 ብር ብዙ ጊዜ እንደ ስጦታ ይቆጠራል። ስጦታ አይደለም። ሠራተኛው ዛሬ በእጁ ሊቀበለው ይገባ የነበረና ለነገ የተላለፈ ደመወዝ ነው። ስለዚህ 18ቱም ብር የሠራተኛው ነው። የሠራተኛው ከሆነ ደግሞ፣ ማን ያስተዳድረዋል? የት ይቀመጣል? ስንት ወለደ? ባለቤቱ ሒሳቡን የሚጠይቀው በየትኛው መስኮት ነው? ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች ገዥው ፓርቲ በዚህ ምርጫ መልስ እንዲሰጥ እንጠይቃለን። መልስ ከሌለው መልሱን እኛ ይዘን ቀርበናል።

ነገሩ ከየት መጣ?

የኢትዮጵያ የጡረታ ሕግ የትናንት ሥራ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በድንጋጌ ተጀምሮ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 ተደላድሏል። በዚያ ዘመን ጡረታ የሚያውቀው የመንግሥት ሠራተኛና ወታደር ብቻ ነበር። ደርግ ድርጅቶችን ሲወርስ በውስጣቸው የነበረው ሠራተኛም ወደዚሁ ሥርዓት ገባ። በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 345 ወጣ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች በአንድ ጊዜ መጡ፤ 714 ለመንግሥት ሠራተኛው፣ 715 ለግል ድርጅት ሠራተኛው። በ2007 ዓ.ም. ተሻሻሉ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ 1267 እና 1268 ተተኩ።

ሐቁን መናገር አለብን፤ በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኛው የጡረታ ባለመብት መሆኑ በራሱ ጥሩ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት የግል ሠራተኛ ዕድሉ ቢቀና ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ካልቀናም ባዶ እጁን ነበር ከሥራ የሚሰናበተው። ሆኖም ያኔ ብዙ ሠራተኞች በፕሮቪደንት ፈንድ የተጠራቀመ ገንዘባቸውን ወደ መንግሥት ቋት ለማዞር ለምን እንደተጠራጠሩ ገዥው ፓርቲ አንድ ቀን እንኳ ቆም ብሎ አልጠየቀም። ሠራተኛው የጠላው ጡረታን አልነበረም። ቋቱን የሚጠብቀውን ሰው ነው ያላመነው። ከዚያ ወዲህ ያለፉት ዓመታት የሠራተኛውን ጥርጣሬ አላስወገዱለትም። ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ፈርሶ ተተኪው በሌላ ስም ሲመጣም የአዋጁ ቁጥር ተለወጠ እንጂ የሒሳቡ በር አልተከፈተም።

አበዳሪውም ተበዳሪውም አንድ ሰው ሲሆን

ገንዘቡ ለብዙ ዓመታት የተቀመጠው በአብዛኛው በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ነው። ማለትም መንግሥት ከሠራተኛው መዋጮ ይሰበስባል፤ የተሰበሰበውን መልሶ ለራሱ ይበደራል። ወለዱንም ራሱ ይወስን ነበር። ከ2012 ዓ.ም. የጨረታ ማሻሻያ በፊት የግምጃ ቤት ሰነድ ዋነኛ ገዢዎች እነዚሁ የጡረታ ፈንዶች ነበሩ፤ የሚከፈላቸው ወለድ ግን እጅግ ዝቅተኛ ነበር፤ የዋጋ ንረቱ ባለሁለት አኃዝ በሆነበት ጊዜ እንኳ በአንድ እጅ ጣቶች የሚቆጠር ነበር።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቀለል ባለ ሒሳብ እንይ። 100 ብር በዓመት 2 በመቶ እየወለደ 5 ዓመት ቢቀመጥ 110 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። በዚያው 5 ዓመት ዋጋ በየዓመቱ በ15 በመቶ ቢጨምር፣ ዛሬ በ100 ብር የሚገዛው አስቤዛ 201 ብር ይጠይቃል። እንግዲህ 100 ብር ያስቀመጠው ሠራተኛ ከ5 ዓመት በኋላ እጁ ላይ የሚቀረው የ55 ብር ያህል የመግዛት አቅም ነው። የቀረውን ማን ወሰደው? ሌባ ሰብሮ ገብቶ አልወሰደውም። በርካሽ የተበደረው አካል ነው የተጠቀመበት።

ምሳሌያችን የለዘበ ነው። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የዋጋ ንረቱ ከ60 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ አልፏል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ጡረተኛው ገበያ ወጥቶ ዘይትና ሽንኩርት ገዝቷል፤ መድኃኒትም እንደዚሁ። ነጋዴ ዋጋውን ይጨምራል፤ ባለ ታክሲ ታሪፉን ይጨምራል፤ ቤት አከራይ ኪራዩን ይጨምራል። ጡረተኛ በማን ላይ ይጨምር?

መንግሥት «ሰነዱን ከፍለናል፣ የቀረ ዕዳ የለም» ሊል ይችላል። እኛም አልከፈለም አላልንም። ያልነው ሌላ ነው፤ ዕዳውን በተበደረው ብር ቁጥር መክፈልና በተበደረው ዋጋ መክፈል ለየቅል ናቸው። አንድ ሰው ጎረቤቱ በአደራ ያስቀመጠበትን ኩንታል ጤፍ በልቶ ከዓመታት በኋላ በድሮው የጤፍ ዋጋ ብር ቢመልስለት፣ የሰፈር ሽማግሌ «አደራህን ተወጣህ» ይለዋል?

ይህ ሊሆን የቻለው የፈንዱ ጠባቂ፣ የፈንዱ ተበዳሪና የፈንዱ ተቆጣጣሪ አንድ ስለሆነ ነው። የቦርድ አባላትን የሚሰይመው መንግሥት ነው። ከሠራተኛ ወይም ከአሠሪ ወገን ሰው ቢገባ እንኳ፣ ሠራተኛው በድምፁ መርጦ የላከው፣ ሲያጠፋም የሚያወርደው ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 102፣ የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም መንግሥት ለሚቆጣጠረው ተቋም ባልተሰጠበት ቦታ ዋስትና የገባላቸው ሰዎች ተወካዮች በአስተዳደሩ እንዲሳተፉ ወይም በአማካሪነት እንዲካፈሉ ይላል። ሰባ ዓመት ያለፈው ሐሳብ ነው። ለእኛ አገር ግን ገና አዲስ ሆኖ እየተነገረ ነው!

እድራችሁን ተመልከቱ

ስለ መልካም አስተዳደር ብዙ ስብሰባ ተደርጓል፤ ብዙ ሰነድ ተጽፏል፤ አበልም ተከፍሎበታል። እኛ ግን የከተማው ሕዝብ ከማንም ሳይማር መልካም አስተዳደርን በእድሩ ውስጥ እንደሚያውቀው እናምናለን። እድር ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ገንዘብ ያዥ አለው። ሦስቱም የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ገንዘቡን የሚይዘው ሰው ብቻውን አያወጣውም። በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ ሒሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል። ዳኛው ካበላሸ በጉባኤ ይወርዳል። ሰው ሲሞት ድንኳኑ በዚያው ቀን ይተከላል፤ «ፋይላችሁ አልተገኘም፣ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱ» የሚል እድር የለም። ቢኖር አንድ ወር አያድርም፤ አባላቱ ይበትኑታል።

በየሰፈሩ በእናቶችና በአባቶች እጅ የሚሠራ ነገር፣ ከሕዝቡ በሕግ አስገድዶ በሚሰበስብ፣ ሕንፃና ኮምፒውተር ባለው ተቋም ውስጥ ለምን አይሠራም? በችሎታ ማነስ ነው እንዳንል፣ በተቋማቱ ውስጥ ቅንና የተማሩ ሠራተኞች መኖራቸውን እናውቃለን። እድሩን የሚያሠራው የአባላቱ ሥልጣን ነው። ተቋሙ የጎደለው ያ ነው።

በመስኮቱ ላይ

አሁን ወደ ሰፊው ብሶት እንምጣ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ አበል ያገኛል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ከደመወዙ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25 በመቶ ይታሰብለታል፤ ከ70 በመቶ አያልፍም። ስሌቱ የሚሠራው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። 35 ዓመት ያስተማረች መምህርት እናስብ። አማካይ ደመወዟ 10,000 ብር ቢሆን 61.25 በመቶ፣ ማለትም 6,125 ብር ይደርሳታል። ብትሞት ባለቤቷ ግማሹን፣ 3,062 ብር ከ50 ሳንቲም ያገኛል፤ ለእያንዳንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ 20 በመቶ፣ 1,225 ብር ይደርሰዋል። ቁጥሮቹን ያስቀመጥነው መብታችሁን እንድታውቁት ነው። ብዙ ሰው የጡረታ ስሌቱን የሚሰማው ጡረታ በሚወጣበት ሳምንት ነው።

ይህን ለማግኘት ግን ሰነድ ያስፈልጋል። ሰው ሲቀጠር የሕይወት ታሪክ ቅጽ ይሞላል። በዚያ ቅጽ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የልደት ዘመን የጡረታ ዘመኑን ይወስናል፤ በኋላ ልቀይር ቢል አይሰማም። ደንቡ ማጭበርበርን ለመከላከል የወጣ ስለሆነ አንወቅሰውም። የምንወቅሰው ያ ቅጽ የት እንዳለ አለመታወቁን ነው። በ30 ዓመት አገልግሎት ውስጥ ሠራተኛው ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ተዛውሯል፤ መሥሪያ ቤቱ ሦስት ጊዜ ስም ለውጧል፤ ሁለት ጊዜ ተከፍሏል፤ አንድ ጊዜ ተዋሕዷል። ፋይሉ በአንዱ መጋዘን አይጥ በልቶታል። ማስረጃውን እንዲያመጣ የሚጠየቀው ግን ፋይሉን የጣለው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ሽማግሌው ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር፣ ከሐዋሳ ወደ ዲላ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ፣ በራሱ ትራንስፖርት። ደመወዙ በ60ኛ ዓመቱ ቆሟል፤ አበሉ ገና አልጀመረም። በመሐል ባሉት ወራት ምን ይብላ? ይህን ጥያቄ ለሥልጣን ባለቤቶች ስናነሳ «የአሠራር ክፍተት» የሚል ስም ይሰጡታል። ለባለጉዳዩ ግን ክፍተቱ በምሳ ሰዓት የሚከፈት ባዶ ድስት ነው።

ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ ከዚህም ይብስባታል። ሟቹ ከጋብቻ በፊት የሞላውን ቅጽ ሳያሳድስ ከሞተ፣ የሚስትነት ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወረዳ ደብዳቤ ይጠየቃል። እያንዳንዱ ወረቀት የራሱ ሰልፍ አለው። በሐዘን ላይ ያለች፣ ልጆች የያዘች ሴት ከአራት መሥሪያ ቤት ወረቀት እንድትሰበስብ ይደረጋል፤ እነዚያ አራት መሥሪያ ቤቶች ግን የአንድ መንግሥት ናቸው። ዜጋውን ለፋይዳ መታወቂያ አሰልፎ አሻራ የወሰደ መንግሥት፣ ማን የማን ሚስት እንደነበረች ከራሱ መዝገብ ማየት እንዴት ያቅተዋል?

በግል ድርጅት ያለው ጉዳይ ሌላ መልክ አለው። አሠሪው ከሠራተኛው 7 ብሩን ይቀንሳል፤ 11 ብሩን ጨምሮ ማስገባት አለበት። ከሠራተኛው ቀንሶ ለራሱ ሥራ የሚያዞር አሠሪ አለ። ሠራተኛው ይህን የሚያውቀው ድርጅቱ ሲዘጋ ወይም ባለቤቱ ከአገር ሲወጣ ነው። አዋጁ ቅጣት አስቀምጧል፤ ከባንክ ሒሳብ የማስቆረጥ ሥልጣንም ሰጥቷል። ነገር ግን መዋጮው አለመግባቱን ቀድሞ ማወቅ የሚችለው ሰው፣ ማለትም ሠራተኛው ራሱ፣ በየወሩ የሚያይበት መንገድ ካልተሰጠው ቅጣቱ የሚደርሰው ጅቡ ከሄደ በኋላ ነው። በኬንያና በኡጋንዳ አባሉ በእጅ ስልኩ የመዋጮ ሒሳቡን ያያል። የእኛ ሠራተኛም ቴሌብር ይጠቀማል፤ ብር ይልካል፤ መብራትና ውኃ ይከፍላል። የራሱን ጡረታ ብቻ ነው በስልኩ እየተከታተለ መኖር ያልለመደው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንናገር አናልፍም። በትግራይ ጦርነት ጊዜ፣ በተለይም ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ የባንክ አገልግሎት በተቋረጠባቸው ወራት፣ ዕድሜ ልካቸውን መንግሥትን ያገለገሉ ጡረተኞች አበላቸውን ሳያገኙ ከረሙ። በጦርነቱ ላይ የየትኛውም ወገን አስተያየት ያላችሁ መራጮች ይህን አስቡት፤ የ70 ዓመት ጡረታ የወጣ ነርስ ወይም የታሪክ መምህር በየትኛው ጦር ውስጥ ነበር? የጡረታ አበል መንግሥት ለወዳጁ የሚሰጠው፣ ለተቀየመው የሚከለክለው ስጦታ ከሆነ፣ ዛሬ መቀሌ ላይ የሆነው ነገ በየትኛውም ከተማ ሊሆን ይችላል።

ሌሎች አፍሪካውያንስ?

ገዥው ፓርቲ ሲወቀስ «በአፍሪካ የተለመደ ችግር ነው» ማለት ይቀናዋል። እስቲ አፍሪካን እንይ። ሁሉም ቦታ ገነት አለመሆኑን ቀድመን እንናገራለን።

በጋና የማኅበራዊ ዋስትና ተቋሙ 34 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ገዝቶ ወጪው 66 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መድረሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ተጋለጠ። በናይጄሪያ የጡረታን ሌብነት እንዲያጸዳ የተሾመ ኃላፊ ራሱ በጡረታ ገንዘብ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2021 የ8 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ቀበሮን የበግ እረኛ ማድረግ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። ልዩነቱ ግን እዚያ ነገሩ ተጋለጠ፤ በጋዜጣ ወጣ፤ በአደባባይ ተነገረ።

ከእነዚህ አገሮች የምንማረው ጥሩ ነገርም አለ። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ ገንዘቡን የሚያስተዳድረውን ኩባንያ ገንዘቡን በእጁ ከሚያስቀምጠው ለየችው፤ በሁለቱም ላይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን አስቀመጠች። ልክ እንደ እድሩ ዳኛና ገንዘብ ያዥ ማለት ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ የጡረታ ፈንዶችን የሚቆጣጠር ራሱን የቻለ ባለሥልጣን መሠረተች። በእኛ አገር ሰብሳቢውም ከፋዩም የበላይ ጠባቂውም በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረን የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ነው። እዚያ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለሕፃናት የሚከፈለው ድጎማ በእ.ኤ.አ. 2017 ወደ 17 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ክፍያው በአንድ የግል ኩባንያ በኩል ነበር የሚያልፈው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ውሉ በሕግ አግባብ አልተሰጠም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2013 ወሰነ፤ ክፍያው እንዳይቋረጥ ግን ጊዜ ሰጠ። መንግሥት ጊዜውን በእንቅልፍ አሳለፈው። መጋቢት 2017 ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሚሊዮኖች የሚቀጥለውን ወር ገንዘብ ማን እንደሚከፍላቸው አያውቁም ነበር። «ብላክ ሳሽ» የተባለ የሲቪክ ማኅበር ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ውሉን ለ12 ወር አራዘመ፤ የተከፋዮቹ የግል መረጃ ለሌላ ንግድ እንዳይውል ዕገዳ ጣለ፤ ከዚያ በፊት የሞባይል ካርድና የብድር ክፍያ ከድሃው ድጎማ ላይ በመቆረጡ ብዙ እሮሮ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የማኅበራዊ ልማት ሚኒስትሯ ከክሱ ወጪ 20 በመቶውን ከራሷ ኪስ እንድትከፍል ተፈረደባት። ከመንግሥት ካዝና አልነበረም፤ ከራሷ ኪስ ነው!

መራጮች ሆይ፣ ይህን ልብ በሉት። በደቡብ አፍሪካ መሥሪያ ቤቱ ተበላሽቶ ነበር። የዳነው ሥራ አስኪያጁ ሴሚናር ስለ ተቀመጠ አልነበረም። ነፃ ፍርድ ቤት፣ ነፃ የሲቪክ ማኅበርና የማይፈራ ጋዜጣ ስለ ነበሩ ነው። የጡረታ አገልግሎት ማሻሻልን ከዴሞክራሲ ለይቶ እንደ ኮምፒውተር ጉዳይ ብቻ የሚያቀርብላችሁን እጩ አትመኑት።

እኛ ምን እናደርጋለን?

ፓርቲያችን የሕዝብን ድምፅ አግኝቶ መንግሥት ቢመሠርት በመጀመሪያው የሥራ ዘመኑ አዲስ የጡረታ ፈንዶች አዋጅ ለፓርላማ ያቀርባል። በአዋጁ ፈንዱ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሆናል። ከቦርዱ አንድ ሦስተኛው በሠራተኞችና በጡረተኞች ማኅበራት በሚስጥር ድምፅ የሚመረጥ፣ አንድ ሦስተኛው የአሠሪዎች፣ የቀረው የመንግሥት ይሆናል። ሰብሳቢው ከመንግሥት ወገን አይመረጥም። የፓርቲ ኃላፊ የሆነ ሰው፣ የእኛን ፓርቲ ጨምሮ፣ በቦርዱ አይቀመጥም።

መንግሥት ከፈንዱ መበደር ይችላል፤ አንከለክልም፤ መንገድና ግድብም የአገር ነው። ነገር ግን የሚበደረው ማንኛውም ባንክ በጨረታ በሚያበድርበት ወለድ ብቻ ይሆናል፤ ከፈንዱ ምን ያህል መውሰድ እንደሚችልም በአዋጁ ጣሪያ ይቀመጥለታል። ፈንዱ በሕንፃና በአክሲዮን ሲሰማራም ያው ጥያቄ ይነሳል፤ የማን መሬት፣ በስንት ተገዛ፣ ማን አስማማ? እያንዳንዱ ትልቅ ኢንቨስትመንት ውሉ ከነዋጋው ይታተማል።

የአበል ጭማሪን በተመለከተ በጥንቃቄ መናገር እንፈልጋለን። አሁን ጭማሪ የሚመጣው መንግሥት ሲፈቅድ ነው፤ ምርጫ ሲቃረብ የሚፈቅድ ከሆነም አትደነቁ። እኛ ጭማሪውን በየዓመቱ የስታቲስቲክስ አገልግሎት በሚያወጣው የዋጋ መለኪያ ላይ እናያይዘዋለን። በአንድ ጊዜ ለሁሉም ሙሉ በሙሉ እናደርጋለን አንልም፤ እንዲህ ያለ ተስፋ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የምንጀምረው በዝቅተኛው አበል ላይ ካሉት፣ በተለይም በተተኪነት ከሚኖሩ ሴቶችና ወላጅ አልባ ልጆች ነው። ከፍተኛ አበል የሚያገኙ የቀድሞ ባለሥልጣናት ተራቸውን ይጠብቃሉ። «ጡረታን በእጥፍ እናሳድጋለን» የሚል ፓርቲ ካጋጠማችሁ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁት፤ መልሱ ብር ማተም ከሆነ፣ በግራ እጁ ሰጥቶ በቀኝ እጁ ሊወስድባችሁ ነው።

አገልግሎቱን በተመለከተ፣ የሠራተኛው ፋይል የሚጣራው በ60 ዓመቱ ሳይሆን በ58 ዓመቱ ነው። የማጣራቱ ግዴታ የአሠሪው መሥሪያ ቤትና የተቋሙ ይሆናል። አበሉ ደመወዙ በቆመ በ30 ቀን ውስጥ ካልተወሰነ፣ ውሳኔው እስኪደርስ ጊዜያዊ ክፍያ ይጀመርለታል። የሟች ተተኪም እንዲሁ። የጎደለ ወረቀት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገኝ ከሆነ ተቋሙ ራሱ ይጠይቃል፤ ባለጉዳዩ ፖስተኛ አይደለም። በየወሩ መዋጮ ሲገባ ለሠራተኛው በስልኩ አጭር መልእክት ይደርሰዋል፤ ካልገባም አለመግባቱ ይነገረዋል። አሠሪው ቀንሶ ባላስገባው መዋጮ የሠራተኛው አገልግሎት ዘመን አይቀነስም፤ አሠሪውን ማሳደድ የተቋሙ ሥራ ነው። ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ በክልል ከተሞች እየተዘዋወረ ያስችላል። በየትኛውም የአገሪቱ ክፍል ግጭት ቢነሳ አበል የማይቋረጥበት መንገድ በአዋጁ ይጻፋል፤ ያቋረጠ ባለሥልጣን በግል ይጠየቃል።

ባለ ታክሲው፣ ባለ ሱቁ፣ ጸጉር አስተካካዩና እንጀራ ጋጋሪዋ እስካሁን ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። በፈቃዳቸው እንዲገቡ በወረቀት ላይ በር ቢከፈትላቸውም፣ በሩ የሚስማማው ወር ጠብቆ ደመወዝ ለሚቀበል ሰው ነው። የእነሱ ገቢ አንድ ሳምንት ይሞላል፣ አንድ ሳምንት ይጎድላል። እንደ እቁብ በሳምንት ወይም በወር እንደ አቅማቸው የሚከፍሉበት፣ ያቋረጠ የሚመለስበት፣ በስልክ የሚገባ ቀላል ሥርዓት በከተሞች እንጀምራለን። በመጀመሪያ ዓመት ብዙ ሰው ይመጣል ብለን አንጠብቅም። ሰው የሚገባው ጎረቤቱ አበሉን በጊዜው ሲቀበል ካየ በኋላ ነው።

የፈንዱ ሒሳብ በዋናው ኦዲተር ተመርምሮ፣ የሚገባውና የሚወጣው፣ ለመንግሥት የተበደረው፣ የወለደው ወለድና ያልሰበሰበው ዕዳ ሁሉ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ታትሞ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ይለጠፋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ለምርመራው አምስት ወር በቂ ነው። ሪፖርቱ የሚለጠፍበት ቀን በአዋጁ ውስጥ ይጻፋል፤ ኅዳር 30።